የሕንጻ ንድፍ ሶፍትዌርን በቤት ውስጥ መማር፤ የጠፋው 16 ሳንቲ ሜትር ፍለጋ

የሕንጻ ግንባታ ፈቃድ በሚሰጥባቸው ጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ቀደም ሲል የሚቀርበው በትልቅ ወረቀት ታትሞ የተጣጠፈ ፕላን ነበር። መርማሪው ባለሙያ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ስኬል ሩለሩን አውጥቶ፣ የክፍሉን ስፋትና የደረጃውን ርዝመት በእጁ ይለካል። ዛሬ ግን ከወረቀቱ ጋር ወይም በወረቀቱ ምትክ በፍላሽ ዲስክ አለያም በኢሜይል የተላከ ፋይል ይመጣል። ፋይሉን ራሱ ከፍቶ መለካት የማይችል ሠራተኛ ሌላ ሰው ከፍቶ የሚነግረውን ለመቀበል ይገደዳል፤ በማጽደቂያው ቅጽ ላይ የሚያርፈው ፊርማ ግን የእርሱ ነው።

በግንባታ፣ በቤቶች ልማት፣ በከተማ ፕላን እንዲሁም በግዥ ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች የሕንጻ ንድፍ ሶፍትዌሮችን ከሥራ ሰዓት ውጪ በቤታቸው ለመማር የሚነሳሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በየከተማው በክፍያ የሚሰጡ የአጫጭር ጊዜ ሥልጠናዎች ቢኖሩም፣ ሰዓቱ ከመሥሪያ ቤት ሰዓት ጋር የማይጣጣምበት፣ ከዋና ከተማ ርቆ ለሚኖረውም ጨርሶ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንጻሩ ዕውቀቱ በራስ ጥረት ሊገኝ የሚችል ነው። ጥያቄው በምን መጀመር እንዳለበት፣ በምን ቅደም ተከተል መቀጠል እንደሚገባው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ የማያስተምረው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነው።

የዘርፉ ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.አ.አ በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው ተመራማሪ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሳለ ስኬችፓድ የተሰኘውንና በመስታወት ላይ በብርሃን ብዕር የሚሠራውን የንድፍ ፕሮግራም አቀረበ። ይህ ግን በጊዜው አንድ ክፍል የሚሞላ ኮምፒዩተር የሚጠይቅ ነበር። ሥራው ወደ ተራ ጽሕፈት ቤት የወረደው እ.አ.አ በ1982 የተቋቋመው አውቶዴስክ ኩባንያ በዚያው ዓመት አውቶካድን ለግል ኮምፒዩተር ሲያቀርብ ነው። በዚያው ዓመት በሃንጋሪ ግራፊሶፍት ተመሥርቶ በኋላ አርኪካድን አወጣ። ስኬችአፕና ሬቪት እ.አ.አ በ2000 ለገበያ የቀረቡ ሲሆን፣ ሬቪትን እ.አ.አ በ2002 አውቶዴስክ በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

በኢትዮጵያ የሕንጻ ባለሙያዎችን በማሠልጠን ቀዳሚ ከሆኑት ተቋማት አንዱ እ.አ.አ በ1954 የተመሠረተው የኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። በዚያ ዘመን የሠለጠነው ትውልድ በቲ-ስኩዌር፣ በትሬሲንግ ወረቀትና በቀለም ብዕር ሲነድፍ አንድ ስሕተት የሚታረመው በምላጭ እየተፋቀ ነበር። መስመሩን ከማስመሩ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ የሥራው ጠባይ ያመጣው ግዴታ ነበር ማለት ይቻላል። በኮምፒዩተር ግን አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ስሕተትን መመለስ ቀላል በመሆኑ ያ ጥንቃቄ ከመሣሪያው ጋር አብሮ አይመጣም፤ ተማሪው ራሱ ሊያመጣው ይገባል።

ሶፍትዌሮቹ በሦስት ወገን ተከፍለው ቢታዩ ለጀማሪው ምርጫው ይቀላል። የመጀመሪያዎቹ እንደ አውቶካድና ሊብሬካድ ያሉት፣ በዋናነት መስመር የሚሰመርባቸውና የወረቀት ንድፍን የሚተኩ ናቸው። ሁለተኞቹ እንደ ስኬችአፕና ብሌንደር ያሉት የሕንጻውን ቅርጽ በሦስት አቅጣጫ አንስተው የሚያሳዩ ናቸው። ሦስተኞቹ ሬቪት፣ አርኪካድና በነጻ የሚገኘው ፍሪካድን የመሳሰሉት የሕንጻ መረጃ ሞዴል የሚባለውን አሠራር የሚከተሉ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ግድግዳ ሁለት ትይዩ መስመር ሳይሆን ራሱን ግድግዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ ውፍረቱን፣ ከፍታውን፣ የተሠራበትን ቁሳቁስና በላዩ የተከፈተውን በር ያውቃል። በፕላኑ ላይ አንድ መስኮት ሲነሳ ከፊት ለፊት ገጽታውና ከዝርዝር ሠንጠረዡም አብሮ ይነሳል።

ብዙዎች ሦስተኛው ወገን ዘመናዊ ነውና በዚያ መጀመር አለብን ይላሉ። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ለሁሉም የሚሠራ አይደለም። የቀረበለትን ፕላን መመርመር ዋና ሥራው ለሆነ ሠራተኛ አሁንም አብዛኛው ፋይል የሚመጣው በአውቶካድ ቅርጸት፣ ማለትም በዲ.ደብሊው.ጂ በመሆኑ በመስመር ንድፍ ቢጀምር ትምህርቱ በማግስቱ ሥራ ላይ ይውልለታል። የልማት ዕቅድን ለነዋሪዎች ስብሰባ የሚያስረዳ ባለሙያ ግን ስኬችአፕን በጥቂት ሳምንታት ለምዶ፣ ፕላን ማንበብ የማይችል ነዋሪ የሚረዳውን ምስል ማቅረብ ይችላል። የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ግምት የሚያዘጋጀው ደግሞ የሕንጻ መረጃ ሞዴልን ቢማር ይጠቀማል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የጀመረ አንዱንም ሳይጨርስ የሚያቆመው ይበዛል።

በዚህ ላይ የፈቃድ ጉዳይ አለ። በየሱቁ በሲዲና በፍላሽ እየተገለበጠ የሚሸጠው፣ የቁልፍ ኮዱ የተሰበረ ሶፍትዌር በሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሌሎች የአእምሮ ሥራዎች እኩል ጥበቃ ሰጥቶታል። ሕግን የማስፈጸም ኃላፊነት ያለበት የመንግሥት ሠራተኛ የተሰረቀ መሣሪያ ይዞ መማሩ ራሱን የቻለ ተቃርኖ ነው።

ከሕጉ ባሻገር የደኅንነት ስጋትም አለ። እ.አ.አ በ2012 ኢሴት የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ በአውቶካድ ፋይሎች መካከል የሚሠራጭ ሜድሬ የተሰኘ ቫይረስ ይፋ አድርጎ ነበር። ቫይረሱ በንድፎቹ አቃፊ ውስጥ አብሮ በምትቀመጥ አንዲት አነስተኛ የትእዛዝ ፋይል ውስጥ ተደብቆ፣ ሥዕሉ በተከፈተ ቁጥር ቅጂውን ወደ ውጭ ኢሜይል አድራሻዎች ይልክ ነበር። በአብዛኛው በፔሩ የተገኘ ሲሆን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንድፎች ሳይወጡ እንዳልቀሩ ተገልጿል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የንድፍ አቃፊ ከነሙሉ ይዘቱ ከማይታወቅ ምንጭ ተገልብጦ ወደ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር መግባት የለበትም። የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የኃይል ማመንጫ ፕላን የያዘ ኮምፒዩተር ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል።

ሕጋዊው መንገድ የሚያስቸግር አይደለም። ሊብሬካድ፣ ፍሪካድና ብሌንደር ያለ ክፍያ የሚወርዱና በሥራ ላይም በነጻ ሊውሉ የሚችሉ ናቸው። ብሌንደር ከኩባንያ ምርትነት ወጥቶ የሕዝብ የሆነው እ.አ.አ በ2002 ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት 100 ሺህ ዩሮ አዋጥተው ፕሮግራሙን ካስለቀቁት በኋላ ነው። ፍሪካድም ከ20 ዓመታት በላይ ሲገነባ ቆይቶ እ.አ.አ በኅዳር ወር 2024 እትም 1.0 ላይ ደርሷል። ስኬችአፕ በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ የሚሠራ ነጻ እትም ያለው ሲሆን፣ ይህ ግን ለግል ጥቅም እንጂ ለገቢ ሥራ የተፈቀደ አይደለም። አውቶዴስክ ለተማሪዎችና ለመምህራን በየዓመቱ የሚታደስ ነጻ ፈቃድ ይሰጣል፤ በማታው ወይም በርቀት ትምህርት የተመዘገበ ሠራተኛ ተቋሙ የሚያሟላ ከሆነ በተማሪነቱ ሊጠቀምበት ይችላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ በዚያው ፈቃድ የሕዝብ ሕንጻ መንደፍ ግን አይፈቀድለትም።

ፋይል ከፍቶ ማየት፣ መለካትና ማተም ብቻ ለሚፈልግ መርማሪ ደግሞ አውቶዴስክ ራሱ ያለ ክፍያ የሚያቀርበው ዲ.ደብሊው.ጂ ትሩቪው የተሰኘ ፕሮግራም አለ። ንድፉን ለመለወጥ ስለማይችል የቀረበውን ሰነድ ሳይነኩ ለመመርመር ምቹ ነው።

ወደ ልምምዱ ስንመጣ፣ በኢንተርኔት ከሚገኙት የቪዲዮ ትምህርቶች አብዛኞቹ የሚያሠሩት በአሜሪካ ያለ ባለ እንጨት ግድግዳ ቤት ነው። ተማሪው በቪዲዮው የሚታየውን ቁጥር እየገለበጠ በሁለት ሰዓት የሚያምር ቪላ ያወጣል፤ በማግስቱ ባዶ ገጽ ሲከፍት ግን ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። ከዚህ ይልቅ የሚበጀው የሚኖርበትን ቤት ሜትር ይዞ ለክቶ መንደፍ ነው። ቤቱ የኪራይም ሆነ የኮንዶሚኒየም፣ ሁለት ክፍልም ሆነ አምስት፣ ልኩ የተሳሳተ እንደሆነ በማግስቱ ተነሥቶ እንደገና ሊለካ የሚችል ብቸኛው ሕንጻ እርሱ ነው።

በዚህ ልምምድ ውስጥ ጀማሪውን ሁሉ የሚያጋጥመው አንድ ችግር አለ። ለምሳሌ ሦስት ክፍሎች ተከታትለው የተሠሩበት ቤት ይወሰድ። የክፍሎቹ የውስጥ ስፋት 3.60፣ 2.40 እና 3.00 ሜትር ነው፤ ድምሩ 9 ሜትር ይሆናል። የውጪ ግድግዳዎቹ ባለ 20፣ የውስጦቹ ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ናቸው። ተማሪው ሁለቱን የውጪ ግድግዳዎች 40፣ ሁለቱን የውስጥ ግድግዳዎች 30 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ይደምርና የቤቱ ጠቅላላ ርዝመት 9.70 ሜትር ነው ብሎ ይነድፋል። ከዚያ ሜትሩን ይዞ ውጪ ወጥቶ ሲለካ 9.86 ያገኛል። አሥራ ስድስት ሳንቲ ሜትር ጠፍቷል።

ብዙ ጀማሪ በዚህ ጊዜ ሜትሩን ይጠራጠራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ይለካል፤ አንዳንዱም ከክፍሎቹ አንዱን 16 ሳንቲ ሜትር ጨምሮ ሒሳቡን ያስታርቃል። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋው ነው። የጠፋው ልስኑ ነው። እያንዳንዱ ብሎኬት በሁለት በኩል ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲለሰን ግድግዳው በ4 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፤ አራት ግድግዳዎች 16 ሳንቲ ሜትር ሆኑ ማለት ነው። ተማሪው የክፍሉን ስፋት የለካው ከልስን እስከ ልስን ሆኖ ሳለ ግድግዳውን ያሰመረው በባዶ ብሎኬት ውፍረት ነበር።

ይህ በአንድ መኖሪያ ቤት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 7 ሜትር ወርድ ባለው ሕንጻ 16 ሳንቲ ሜትር በአንድ ወለል 1.12 ካሬ ሜትር ነው። ባለ አራት ፎቅ፣ ማለትም አምስት ወለል ያለው ሕንጻ ሲሆን 5.6 ካሬ ሜትር፣ ያው ንድፍ ተባዝቶ 30 ሕንጻ ሲገነባበት 168 ካሬ ሜትር ይሆናል። የወለል ስፋት በቤት ዋጋ፣ በሊዝ ሒሳብና በሥራ ዝርዝር ውስጥ በሚገባበት አሠራር ላይ ልኩ ከብሎኬት ነው ወይስ ከልስን የሚለው ጥያቄ ከንድፍ ክፍል አልፎ ወደ ሒሳብ ክፍል የሚሻገር ነው። ሶፍትዌሩ ስለዚህ ጉዳይ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ለእርሱ 9.70ም 9.86ም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው።

ሌላው በቤት ልኬት ላይ የሚገለጥ ነገር የማዕዘኑ ጉዳይ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የሚሰመረው ማዕዘን ሁሉ ያለ ጥረት 90 ዲግሪ ይሆናል፤ የተገነባው ክፍል ግን ላይሆን ይችላል። ግንበኞች ማዕዘን ለማስያዝ የሚጠቀሙበት የሦስት፣ የአራትና የአምስት ልክ እዚህም ይሠራል። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲለካ 5 ሜትር ሊመጣ ይገባል። ሁለቱ አግድም ልኮች ከተለያዩ ክፍሉ ጠማማ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከአራቱ ግድግዳዎች ሌላ ሁለቱን አግድሞች መለካትን ልማድ ቢያደርግ፣ በኋላ አሮጌ የመንግሥት ሕንጻ ለማደስ ልኬት ሲወስድ ያመሰግነዋል።

ከልኬት ቀጥሎ የሚመጣው የመለኪያ አሃድና የስኬል ጉዳይ ነው። አውቶካድ ሲከፈት ከሚያቀርባቸው መነሻ ገጾች አንዱ በኢንች፣ ሌላው በሚሊ ሜትር የተዘጋጀ ነው። ይህን ሳያስተውል የጀመረ ተማሪ በኋላ ከሌላ ፋይል ያመጣው በር ከሕንጻው የሚበልጥ ወይም ነጥብ የሚያክል ሆኖ ይገባበታል። በሜትር የተሠራና በሚሊ ሜትር የተሠራ ንድፍ ልዩነታቸው አንድ ሺህ እጥፍ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የሚነደፈው ሁልጊዜ በእውነተኛው መጠን መሆኑንና ስኬል የሚመጣው በወረቀት ላይ ሲደረደር ብቻ መሆኑን መረዳት በእጅ ነድፈው ለለመዱት ይከብዳቸዋል። 3.60 ሜትር ክፍል በኮምፒዩተሩ 3.60 ሜትር ነው፤ በ1፡50 ሲታተም በወረቀቱ ላይ 7.2 ሳንቲ ሜትር፣ በ1፡100 ደግሞ 3.6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በወረቀት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንዲነበብ የሚፈለግ ጽሑፍም በ1፡100 ለሚታተም ንድፍ 250 ሚሊ ሜትር ቁመት ይሰጠዋል።

ለመርማሪ ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ሁለት ጉዳይ አለ። አንደኛው፣ ፋይሉ ሲታተም ከወረቀቱ ጋር እንዲመጣጠን የሚያደርገው ምርጫ ከተወሰደ ስኬሉ ይበላሻል። በግርጌው ላይ 1፡100 የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ይቀራል፤ ሥዕሉ ግን 1፡100 አይደለም። በሩለር የሚለካ መርማሪ ይሳሳታል። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። በአውቶካድ ውስጥ ሶፍትዌሩ ራሱ ለክቶ የሚጽፈውን የልክ ቁጥር ደርቦ በእጅ ሌላ ቁጥር መጻፍ ይቻላል። የ2.80 ሜትር ኮሪደር ሳይሆን የ1.10 ሜትር ኮሪደር ተሰምሮ 1.50 ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ይህ በቸልተኝነት ሊሆን ይችላል፤ በዓላማም ሊደረግ ይችላል። በወረቀት ላይ ፈጽሞ የማይታይ ሲሆን፣ ፋይሉን ከፍቶ ርቀት መለኪያ ትእዛዙን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያሳረፈ ሠራተኛ ግን በአምስት ሰከንድ ያገኘዋል። በቤት ውስጥ ለጥቂት ወራት የተለማመደ ሠራተኛና ያልተለማመደው የሚለያዩበት ቦታ እንዲህ ያለው ነው።

ግድግዳና በር ማስመርን የለመደ ተማሪ ቀጥሎ ደረጃ ቢነድፍ ብዙ ይማራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳዩ አርክቴክት ፍራንሷ ብሎንደል ከሰው እርምጃ ተነሥቶ ያቀረበውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሒሳብ አለ፤ የአንዱ ደረጃ ከፍታ እጥፍ ከመርገጫው ስፋት ጋር ሲደመር ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን የሚል ነው። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ለሆነ ሕንጻ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 18 ደረጃዎች ይገባሉ። መርገጫው 28 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሒሳቡ 62 ይመጣል። ደረጃው በመካከል ማረፊያ ተከፍሎ ዘጠኝ ዘጠኝ ቢሆን በእያንዳንዱ በኩል 8 መርገጫ፣ ማለትም 2.24 ሜትር ያስፈልጋል። 1.20 ሜትር ማረፊያ ሲጨመር 3.44 ሜትር ነው።

ጀማሪው ግን ፕላኑን ሲከፋፍል ለደረጃ የተረፈውን 3 ሜትር ብቻ ሊሰጠው ይችላል። ማረፊያው ሲቀነስ ለ8 መርገጫዎች የሚቀረው 1.80 ሜትር ይሆናል፤ እያንዳንዱ መርገጫ 22.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የጎልማሳ ሰው እግር በሙሉ አያርፍበትም። አውቶካድ ይህን ያለ ምንም ተቃውሞ ያሰምረዋል። ሬቪት በተሰጠው ገደብ መሠረት ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን ገደቡን ያስገባው ሰው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ተማሪው ቁርጥ ንድፍ፣ በተለምዶ ሴክሽን የሚባለውን እስኪያወጣ ድረስ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። በዚህም የተነሳ ፕላን ብቻ አሰምሮ ወደ ቀለምና ብርሃን ማሳመር የሚሄድ ተማሪ የትምህርቱን ግማሽ ዘሎታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየማስታወቂያው የሚታየው የሚያብረቀርቅ ምስል ሰውን ቢማርክም፣ ሕንጻው ይቆም እንደሆነና ሰው ይወጣበት እንደሆነ የሚታወቀው በቁርጡ ላይ ነው።

ስለ ኮምፒዩተሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለመስመር ንድፍ መካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ለሕንጻ መረጃ ሞዴልና ለምስል ሥራ ግን ተጨማሪ ሜሞሪና የግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል። የመብራት መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይመረጣል። አውቶካድ ሳይነካ ከተተወ በየ10 ደቂቃው ራሱ ስለሚያስቀምጥ ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ፋይሉ ቢበላሽ በአጠገቡ የሚቀመጠውን ባክ የሚል ቅጥያ ያለውን ግልባጭ ቅጥያውን ወደ ዲ.ደብሊው.ጂ ቀይሮ መክፈት የብዙዎችን ሌሊት አድኗል። የቪዲዮ ትምህርቶቹን ኢንተርኔት በሚገኝበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርዶ መያዝም ወጪ ይቀንሳል።

የቋንቋው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ትእዛዞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሆኑ በአማርኛ የተዘጋጀ የተሟላ ማስተማሪያ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሆኖም ለዕለት ሥራ የሚያስፈልጉት ትእዛዞች ከሃያ እምብዛም አይበልጡም፤ ላይን፣ ኦፍሴት፣ ትሪም፣ ሙቭ፣ ኮፒ፣ ሚረር የመሳሰሉት ናቸው። ኦፍሴት ብቻውን፣ የአንዱን መስመር ትይዩ በተሰጠው ርቀት የሚያወጣው፣ የግድግዳ ሥራን እኩሌታ ይሸፍናል። በትንሽ ደብተር ላይ ትእዛዙንና የሚያደርገውን በአማርኛ እየጻፉ መያዝ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ማስታወሻ ይሆናል።

በዚህ መንገድ የተማረ ሠራተኛ አርክቴክት አይሆንም። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ ሕንጻዎችን በሦስት ምድቦች ከፍሎ፣ እንደ ዓይነታቸውና እንደ ውስብስብነታቸው በተመዘገበ ባለሙያ እንዲነደፉ የሚጠይቅ ሥርዓት የዘረጋው ሶፍትዌር በማይተካው ምክንያት ነው። የምሰሶውን መጠን፣ የአፈሩን ጥንካሬና የእሳት ማምለጫውን ኃላፊነት የሚሸከም ሰው መኖር አለበት። የሚያምር ፕላን አውጥቶ ለጎረቤት ቤት መሥሪያ የሚሰጥ ጀማሪ ራሱንም ጎረቤቱንም አደጋ ላይ ይጥላል። የቤት ውስጥ ትምህርቱ የሚሰጠው ሥልጣን ሳይሆን የማንበብ፣ የመለካትና የመጠየቅ ችሎታ ነው።

ይህ ችሎታ ወደፊት ምን ያህል እንደሚፈለግ የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ ያመለክታል። ሲንጋፖር እ.አ.አ ከ2013 ጀምሮ ከ20 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ አዳዲስ ሕንጻዎች የኪነ ሕንጻ ንድፍ በመረጃ ሞዴል እንዲቀርብ ግዴታ ያደረገች ሲሆን፣ እ.አ.አ በ2015 ገደቡን ወደ 5 ሺህ ካሬ ሜትር አውርዳዋለች። የእንግሊዝ መንግሥትም እ.አ.አ በ2011 አስቀድሞ አሳውቆ፣ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥት የሚገዙ ግንባታዎች በዚሁ አሠራር እንዲሠሩ አድርጓል። በሁለቱም ሀገሮች ግዴታው የወደቀው በነዳፊዎች ላይ ብቻ አልነበረም፤ ሰነዱን የሚቀበሉት የመንግሥት ሠራተኞችም ከፍተው ሊያነቡት ይገባ ነበር።

ፋይል ለሚቀበል ጽሕፈት ቤት በዚህ ረገድ አንድ ተግባራዊ ጉዳይ ይነሳል። በአዲስ የሬቪት እትም የተቀመጠ ፋይል በቀድሞው እትም አይከፈትም። አመልካቹ የ2025 እትም ቢጠቀምና ጽሕፈት ቤቱ የ2022 ብቻ ቢኖረው ሰነዱ ቀረበ ሊባል አይችልም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መዝገብ ቤት የተቀመጠው ፋይል የሚከፍተው ሊያጣ ይችላል። እ.አ.አ በ2013 ሙሉ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀውና አይ.ኤፍ.ሲ የተሰኘው ቅርጸት የተዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ችግር ሲሆን፣ ማንኛውም ኩባንያ የሚሠራው ሶፍትዌር ሊያነበው ይችላል። በነጻ የሚገኘው ፍሪካድም ይከፍተዋል። ቤቱን ለክቶ፣ የጠፋውን 16 ሳንቲ ሜትር አግኝቶ፣ ደረጃውን በቁርጥ አውጥቶ የጨረሰ ተማሪ ንድፉን በዚሁ ቅርጸት አስቀምጦ በሌላ ሶፍትዌር ሲከፍተው ግድግዳዎቹ ውፍረታቸውን እንደያዙ መሆናቸውን ማረጋገጥ የሚቀጥለው ልምምዱ ሊሆን ይችላል።